እንጨቱን አትጣል

ልጄ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አዲስ አበባ አንድ ወዳጅህ ቤት ኒኬል የተለበጠ የድሮ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አይተህ ልብህ እንደ ተሰረቀ ጽፈሃል። «አባባ፣ እኔም እንዲህ ያለውን መሰብሰብ ፈልጌያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን መጨረሻ ላይ እግረ መንገድህን ያነሳሃት ነገር ናት፤ የእጀታው እንጨት አርጅቷልና በነጭ አጥንት ቢቀየር ያምርበታል ይሉኛል፣ ምን ይላሉ ያልከው።

እንጨቱን እንዳይነኩት ንገራቸው። ለምን እንደምል ላጫውትህ።

አባቴ ኒኬል ስድስት ጎራሽ ነበረው። ከእናቱ ወንድም የወረሰው ነው። ያ አጎቱ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ራስ አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ገደላገደል ሲዋጉ፣ አብሮ የዘመተ ሰው ነበር። አባቴ ሽጉጡን ከጋቢው ሥር፣ ከወገቡ ይሸጉጠዋል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሽጉጥ ማለት የሚሸጎጥ ማለት ነው። እኛ ልጆቹ እንዳንነካው ተከልክለናል፤ ሊያጸዳው ፈትቶ ቁርበት ላይ ሲዘረጋው ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዳይ ይፈቅድልኝ ነበር።

እጀታው ሁለት የእንጨት ገጽ አለው፣ የግራና የቀኝ። በመሐላቸው የምታልፍ አንዲት ብሎን አያይዛቸው ብረቱን ከሁለት ወገን ያቅፉታል። በብሎኗ ዙሪያ ሳይቀረጽ የተተወ፣ አራት ማዕዘኑ እንደ አልማዝ የሾለ ለስላሳ ቦታ አለ። ከዚያ ውጪ ያለው እጅ እንዳያንሸራትት ተብሎ በጥቃቅን መስቀለኛ መስመር የተጫረ ነው። የአባቴ አጎት በቀኝ እጁ የሚይዝ ሰው ነበርና የቀኙ ገጽ፣ መዳፍ የሚያርፍበት፣ መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል። አባቴ ደግሞ ግራኝ ነበር። በእሱ ዘመን ያለቀው የግራው ገጽ ነው። እንግዲህ አስበው፤ አንድ እጀታ ላይ ሁለት ሰው። በቀኝ አጎት፣ በግራ የእህት ልጅ።

በ1962 ዓ.ም. እኔ የ21 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አናጺነት ተምሬ በእጄ ሳንቲም መያዝ ጀምሬያለሁ። አባቴን ላስደስት ብዬ፣ ኒኬሉ እዚህም እዚያም ተልጦ ነበርና፣ ለምኜ ተቀብዬው አዲስ አበባ ለአንድ ባለሙያ ወሰድኩት። ሰውየው ብረቱን ፍቆ እንደ አዲስ ነከረው፤ እንጨቱንም አውጥቶ ነጭ የአጥንት እጀታ ገጠመለት። ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል። ይዤ ጣርማ በርን አቋርጬ ሸዋ ሮቢት ወደ ቤታችን ወረድኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አባቴ በግራ እጁ ተቀበለኝ። ጥቂት መዘነው። ዓይኑን ጨፈነና እንደገና ጨበጠው። ከዚያ መደቡ ላይ አስቀመጠውና «የአጎቴ እጅ የት ሄደ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ተመልሼ አዲስ አበባ ወጣሁ። የባለሙያውን የፍቅፋቂ ክምር በእጄ ዳብሼ የቀኙን ገጽ አገኘሁት። የግራው አልተገኘም፤ ለቡና ማፍያ እሳት ገብቷል። የአባቴን እጅ በገዛ እጄ አቃጠልኩት ማለት ነው። ሽጉጡን በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል አስረከብነው። የቀኙ ገጽ ግን እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።

ከዚያ ወዲህ አናጺ ሆኜ ስኖር፣ እጀታው የተሰበረበት ሰው ሊያስቀይር ሲመጣ አሮጌውን እንዳይጥል እለምነው ነበር። «ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል፤ ይተውልኛል። አሁን ሳጥኔ ውስጥ 11 ገጾች አሉ። እያንዳንዱን የማን እንደ ነበረ፣ በየት በኩል እንደ መጣ ጽፌበታለሁ። የእኔ ስብስብ ይኸው ነው፤ ብረት የለበትም። አንተም ከዚህ ብትጀምር እመርጥልሃለሁ።

ብረቱን መውደድህን አልነቅፍም። ኒኬል በሽጉጥ ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው። ቀድሞ ብረቱ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይጠቁር ነበር፤ ላብና እርጥበት ግን ቶሎ ያዝገዋል። ኒኬል ዝገትን ስለሚቋቋም በወገቡ፣ በላቡ ላይ ለሚሸጉጠው ሰው ተመረጠ። ለእኛ ቆላ ሰው የተሠራ ይመስላል። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በብዛት ይሠራው ነበር፤ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ አንጥረኞችም የእሱን መልክ እያስመሰሉ ለዓለም ሁሉ ቸበቸቡት። የሊዬዥን ሥራ የምትለየው ከበሮው ላይ በተመታች ትንሽ እንቁላል መሳይ ማኅተም ነው፤ በውስጧ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ኢ፣ ኤል እና ጂ ታያለህ። አንድ ሰው «ይሄ አሜሪካ ሠራሽ ነው» ብሎ ሲምልልህ መጀመሪያ ያቺን ማኅተም ፈልጋት።

እንደገና የተነከረውንም መለየት ትማራለህ። የፋብሪካ ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ነጭ ነው፤ ክሮም ግን ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ፊደሉን በጣትህ ዳስስ፤ ጠርዙ ስል ከሆነ አልተፋቀም፤ የሟሟ ሳሙና ከመሰለ ተፍቆ ተነክሯል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሆነ ደግሞ ምላጩንና ኋላ ያለውን መቺ እያቸው። ፋብሪካው እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል አያለብሳቸውም፤ ከገላው ጋር አብረው የሚያበሩ ከሆነ ጠርጥር። እኔን የመሰለ ጎረምሳ አሠርቶት ሊሆን ይችላል።

እንጨቱን የምትመረምረው ግን በውስጡ ነው። ብሎኗን ስትፈታና ገጹን ስትገለብጠው ዘይትና ላብ ያልነካው ፈዛዛ እንጨት ታያለህ። በብዙዎቹ የድሮ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች የቀኙ ገጽ ውስጥ ቁጥር አለ፣ በእርሳስ የተጻፈ ወይም የተመታ። ያ ቁጥር ከእጀታው ግርጌ ብረቱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ፣ እንጨቱና ብረቱ አብረው ተወልደው አብረው አርጅተዋል። ካልገጠመ አንዱ የሌላ ሰው ነው። ብሎኗን ስትፈታ ጥርሷ ውስጥ በትክክል የሚገባ መፍቻ ያዝ፤ ገጹን ከታች በቢላ አትፈልቅቀው፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከበሮውን አውጥተህ ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ንካ። «ባዶ ነው» ብሎ የሚያቀብልህን ሰው፣ አባትህም ቢሆን፣ አትመን። ስታየው አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። አሮጌ ሽጉጥ ደግሞ ልሞክረው ተብሎ አይተኮስም።

ቁጥርና ወረቀት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የራምቦን ነገር ልንገርህ፤ የእኛን አገር የነካ ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ በወዳጁ በፖል ቬርሌን በሽጉጥ ተመቶ እጁ ላይ ቆሰለ። ሽጉጡ ባለ 7 ሚሊ ሜትር ለፎሾ፣ ስድስት ጎራሽ፣ እጀታው እንጨት ነው። ቬርሌን ያን ዕለት ጠዋት ከሱቅ የገዛው ተራ ዕቃ ነበር። ሆኖም የሽጉጡ ቁጥር ከባለ ሱቁ መዝገብ ጋር ስለገጠመ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ በ434,500 ዩሮ ተሸጠ። ኒኬል የለበትም፣ ወርቅ የለበትም። ገንዘቡ የተከፈለው ብረቱን፣ እንጨቱንና መዝገቡን ሳይለያዩ ላቆዩት ነው።

ያው ራምቦ ቅኔውን ትቶ የመሣሪያ ነጋዴ ሆነና፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ያረጀ ጠብመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ። አራት ወር ገደማ በአፋር በረሃ ተጉዞ፣ በእኛ ይፋት ቆላ በፋሬ በኩል ሽቅብ ወጥቶ በጥር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ነበርና እንጦጦ ድረስ ሄዶ አገኛቸው፤ ዋጋውንም አሳንሰው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ከፈሉት። ከእሱ በፊት በ1833 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠብመንጃና መድፍ ሲያመጣ የወጣው በዚሁ በፋሬ ነው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር ብለን የምንጠራቸው ስሞች ሁሉ የፈረንጅ ቃል በእኛ ባላገር አፍ ተቀርጾ ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው። እንግዲህ አንተ የበቀልክበት ምድር መሣሪያ የሚወጣበት በር ነበር። ከአዲስ አበባ ሱቅ ይልቅ የአያቶችህን ምሰሶ ጠይቅ የምልህ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንድ ክርክር እንግባ። ሰብሳቢዎች «ኦሪጅናል እንጨት» ሲሉ ከፋብሪካ የወጣውን ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው፤ ግን በእኛ አገር ይህ ብቻውን አይበቃም። ከሳጥኔ አንዱን ልንገርህ። ጣሊያን የ1889 ሞዴል የሚለው ቦዴዮ ስድስት ጎራሽ እጀታ ነው። ሽጉጡ በወረራው ጊዜ ከጠላት የተማረከ ነው። ባለቤቱ ገደል ለገደል ሲሮጥ ወድቆ የግራው ገጽ ተሰበረ። አንድ የአካባቢ አናጺ ከወይራ አዲስ ገጽ ቀርጾ ሰጠው፤ መስቀለኛ መስመር ማውጣት ስላልሆነለት በጋለ ወስፌ ነጠብጣብ አደረገበት። ከዓመታት በኋላ ልጁ ወደ እኔ አምጥቶ «ከውጭ አገር ኦሪጅናሉን አስመጥቻለሁ፣ ግጠምልኝ» አለኝ። ገጠምኩለት፤ ሥራዬ ነውና። ወይራውን ግን ለምኜ ወሰድኩት። ያን ቀን እንቢ ብዬ ብመልሰው ምን ነበረ እላለሁ እስከ ዛሬ። ጣሊያን አገር የተሠራ እጀታ በብዙ ሺህ አለ። በጋለ ወስፌ የተነጠበው ወይራ በዓለም አንድ ነው፤ አርበኛው ወድቆ ተነሥቶ እንደገና የጨበጠው እሱን ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ኦሪጅናል ማለት ሰውየው የኖረበት እንጨት ነው። የፋብሪካው ከሆነ የፋብሪካው፣ የይፋት ወይራ ከሆነ ወይራው ይቆይ።

አያያዙን በአጭሩ። በእኛ ቆላ ሙቀት እንጨት ይጨማደዳል፤ ደብረ ሲና ላይ ልክ የነበረ ገጽ ሮቢት ወርዶ ከርሞ በጠርዙ ክፍተት ያወጣል። ክፍተት አየህ ብለህ ብሎኗን አታጥብቅ፣ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃም አጠገብ አታኑረው። በቆዳ አፎቱ ውስጥም አታክርመው፤ ቆዳው እርጥበትና ጨው ይዞ ኒኬሉን ከሥር ይቦረቡረዋል። አፎቱን ለብቻ፣ ሽጉጡን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልለህ ለብቻ አስቀምጥ። አባቶቻችን ብረቱን ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ ቅቤ ሲቆይ ይኮመጥጣልና ቀጭን የማሽን ዘይት ይሻላል፣ እሱም ጠብታ። በአመድና በሎሚ ማሸት፣ በወታደር ዘለበት መወልወያ መፈግፈግ ፈጽሞ አይሆንም። ኒኬሉ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ መወልወያው ውስጥ ያለው አሞኒያ በተላጠው ጠርዝ ገብቶ ከኒኬሉ ሥር መዳብ ካለ ይበላዋል፣ ከዚያ ኒኬሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። የተላጠውን እንደ ተላጠ ተወው። እንጨቱንም አትፈግፍገው፣ ቫርኒሽ አትቀባው። የሰው ላብ ያጠቆረውን ማንም አናጺ መልሶ አይሠራውም። 40 ዓመት በእንጨት ላይ ኖሬ የምነግርህ ነው።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ሕጉን እወቅ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መግዛትም፣ መሸጥም ያሳስራል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» የሚለውን መልስ ለራስህ አትስጥ፤ ፖሊስ ዘንድ ባዶ እጅህን ሄደህ ጠይቅ፣ መሣሪያ ይዘህ መንገድ አትውጣ። ታሪክ ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል፤ ይመዘገባል፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። እኔ የእንጨቱን ሳጥን ሳይቀር ወስጄ ከፍቼ አሳይቻለሁ። መደበቅ የሚባል ነገር ካለበት ስብስቡ ይቅርብህ። ሐረር ብትሄድ የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ጎብኝ። አንድ ሰው በራሱ ጥረት የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ የጦር መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ለሕዝብ ከፍቶ ሲያሳይ ታያለህ። ያየሃቸው የአዲስ አበባ ሰዎች ግን በር ዘግተው ነው የሚያሳዩት፤ ልዩነቱ ያሳስብህ።

አንድ ሌላ ነገር በጣም ከብዶኛል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደ ወጣ አንተም ታውቃለህ። የቤት ዕቃው በየመንገዱ ተበትኗል። ከዚያ ወዲህ ደላላ «ጥሩ ዕቃ መጥቷል» ሲል የማን ቤት ፈርሶ እንደ መጣ ሳላስብ ቀርቼ አላውቅም። ከተፈናቀለ ሰው፣ ከተቸገረች ባልቴት ቤት የወጣ ነገር በርካሽ ቢቀርብልህ አትግዛ። ባለቤቱን ካወቅህ ንገረው፤ ለልጆቹ ይቆይ። ለስብስብህ አንድ ዕቃ ቢጎድል ምንም አይደለም፤ ለእነሱ ግን የቀራቸው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከደብተር ጀምር። ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኛል፤ አዛውንቶቹን አግኝና ሻይ ጋብዝ። መሣሪያ አሳዩኝ አትበል፣ ይደነግጣሉ፣ ደግሞም ይጠረጥሩሃል። «አባትዎ ምን ይይዙ ነበር? እጀታው ምን ዓይነት ነበር? ሲሰበር ማን ጠገነው?» በላቸው። ያኔ ታያለህ፤ እጃቸውን ያነሡና የሌለውን እጀታ አየር ላይ ይጨብጡታል። ጣቶቻቸው እንዴት እንደሚታጠፉ ልብ ብለህ ጻፍ። ቀኝ ይሁን ግራ ጻፍ። ስም፣ መንደር፣ ዘመን ጻፍ። ከፈቀዱልህ የእንጨቱን ቅርጽ ወረቀት አስደግፈህ በእርሳስ ንደፍ። ሰውየው ከሞተ በኋላ ማን እንደ ነበረ የሚናገር ነገር ብርቅ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሰዉበት ሽጉጥ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ለእሳቸው የሰጠችው መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ የእኛ አባቶች ሽጉጥ ላይ ግን የተጻፈ የለም። ያለው የእጃቸው አሻራ ብቻ ነው።

በጥቅምት እመጣለሁ ብለሃል፤ ና። ቆላው ያን ጊዜ ደስ ይላል፣ ማሾውም ይሰበሰባል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሳጥኑን ከፍተን በጋራ እናየዋለን። የቀኙን ገጽ ገልብጬ እሰጥሃለሁ፤ የእርሳሱ ቁጥር በጣም ደብዝዟል፣ የእኔ ዓይን ከእንግዲህ አያነበውም። የመጨረሻው አሃዝ 3 ይሁን 8 አንተ ታነብልኛለህ፣ ደብተርህ ላይም ትጽፈዋለህ።